ቅራሪ የሌለበት በርሜል

ቅራሪ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ አስቀድሜ ልንገረው። ጠላ ሲደርስ ከጋኑ ላይ ላዩ ይቀዳል፣ ይጠለላል፣ ለሚከበረው እንግዳ ይቀርባል። ድፍድፉ ከታች ይቀራል። በዚያ ድፍድፍ ላይ ውሃ ይጨመርበትና አድሮ እንደገና ይጠለላል። ይኸኛው ቅራሪ ነው። ቀለሙ ጠላ ይመስላል፣ ሽታውም ጠላ ጠላ ይላል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ወደ ውሃነቱ ይመለሳል። ቅራሪ መጠጣት ነውር አይደለም፤ እኔም ጠጥቼው ነው ያደግኩት። ነውሩ፣ ማን የቱን እንደሚጠጣ ሰውየው ሳያውቅ ጓዳ ውስጥ መወሰኑ ነው።

በኔ ቤት ያንን የምወስነው እኔ ነበርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከመሳለሚያ አለፍ ብሎ፣ ከእህል በረንዳው ጀርባ፣ ግቢ ያለው ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ ጠላ እሸጥ ነበር። ደጄ ላይ እንጨት ተክዬ ጣሳ ደፍቼበታለሁ። ጸሐፊዎችና ባለሱቆች ሲመጡ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ለነሱ ከላይኛው እቀዳለሁ። ኩሊዎች ሲመጡ ደጅ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ለነሱ ከታችኛው። ዋጋው አንድ ነው። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ ሰው የለም። እናቴ እንዲያ ታደርግ ነበር፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር።

ከኩሊዎቹ አንዱ ረጅም ሰው ነበር፤ የጆንያ ብዛት አንገቱን ወደ ግራ አዝምሞት ቀርቷል። ጣሳውን ይቀበለኝና አንድ ጊዜ ጎንጨት ብሎ፣

"እትዬ፣ ዛሬም ከታችኛው ነው?" ይለኛል።

"ጠላ ነው። ካልፈለግህ መልስልኝ።"

"ኧረ አልመልስም። የላይኛውን ሲያገኙት ግን ሰላም ይበሉልኝ፣ በዝና ነው የማውቀው።"

ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተባባልን። አንድ ክረምት ሳንባውን ታመመና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተ።

ከቀብሩ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሚስቱ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልቀመጥም አለች።

"እትዬ፣ አርባውን ላወጣ ነው። ገብሱን ጓደኞቹ አዋጥተዋል፣ ጌሾም አላጣም። ጠላውን እርስዎ ይጥመቁልኝ።"

"ስንት ሰው ትጠሪያለሽ?"

"የእህል በረንዳ ኩሊ ሁሉ ይመጣል። ካህናቱ አሉ፣ ጎረቤት አለ።" መሬት መሬት እያየች ቀጠለች። "እሱ በሄደበት ተዝካር ሁሉ ከድንኳን ውጪ ነበር የሚያስቀምጧቸው። ቅራሪ ጠጥቶ ይመጣና እየሳቀ ይነግረኛል። የሱን አርባ ቅራሪ እንዳይጠጡበት ብዬ ነው።"

ከኔ ደጅም ቅራሪ ይጠጣ እንደነበር ነግሯት እንደሆን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከመሬት ቀና ብላ እንድታየኝ አልፈለግኩም። "እሺ፣ ቅራሪ የሚባል አይኖርም" አልኳት።

ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ለዚያ ሁሉ ሰው የላይኛው ብቻ ይቅረብ ከተባለ ስምንት ጋን ያስፈልጋል። እኔ ያለኝ ሦስት ነው። አዲስ ጋን ገዝቶ በወሩ ለእንግዳ ማቅረብ አይቻልም፤ መሟሸት አለበት፣ ቢሟሽም የመጀመሪያ ጠላው አፈር አፈር ይላል። ስለዚህ እንደ ሁሉ ሰው ልዋስ ሄድኩ።

በሰፈራችን አሥራ ሁለት ጋን ያላቸው አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ሠርግ የደገሰ፣ ክርስትና ያነሳ ሁሉ ከእሳቸው ነው የሚዋሰው። ጋኖቹ በአጥሩ ጥግ በሰልፍ ተደፍተዋል።

"አምስት ጋን ፈልጌ ነው የመጣሁት እትዬ።"

"ለማን ድግስ?"

"ለኩሊው አርባ።"

"ሦስት አለሽ፣ አምስት ስምንት። ለኩሊ አርባ ስምንት ጋን?" ሳቁ። "ሦስቱ ለካህናቱና ለሽማግሌዎቹ ይተርፋል። ለቀረው ውሃ ጨምሪበት።"

"ቅራሪ አልሰጥም።"

"ለምን? ቅራሪ ጠጥቶ የሞተ ኩሊ አለ እንዴ?"

"ጠጥቶ የሞተስ የለም። የላይኛውን ሳይቀምስ የሞተ ግን አለ።"

ሳቃቸውን ተዉት። "ስሚ አንቺ ልጅ። ዛሬ ለኩሊ የላይኛውን ካፈሰስሽ ነገ በየድግሱ የላይኛው ይምጣልን ይባላል። ገብሱን ከየት ልናመጣው ነው? ጋኖቼ እረፍት ላይ ናቸው።"

"ጋን ደግሞ ያርፋል?"

"ባለቤቱ ረፍ ካለው ያርፋል።"

ሌሎቹንም ሴቶች ዞርኳቸው። አንዷ ጋኔ ተሰንጥቋል፣ ሌላዋ ለእህቴ ሰጠሁት አለችኝ። ሁሉም ነገ ከእሳቸው የሚዋሱ ናቸው፤ አልፈረድኩባቸውም። ግን እልህ ያዘኝ። ጋን ከሌለ ከጋን የሚበልጥ ነገር አመጣለሁ ብዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆርቆሮ ተራ ወረድኩ።

እዚያ በርሜል እየቆረጠ ገንዳና ምድጃ የሚሠራ ሰው አለ። ዘይት የመጣበት ትልቅ የብረት በርሜል መርጬ ክዳኑን ቆርጦ እንዲያነሳልኝ አደረግኩ። ቤት አምጥቼ ማጠብ ጀመርኩ። በሙቅ ውሃ፣ ከዚያ በአመድ፣ ከዚያ በአሸዋ፣ ከዚያ በግራዋ። ሦስት ቀን ፈገፈግኩት። ጋን ሲታጠብ እጅ እስኪዝል ነው፤ እኔ ደግሞ በንጽሕና የምታማ ሴት አይደለሁም። በሦስተኛው ቀን ውስጡ እንደ ተሳለ ቢላዋ አበራ። ጎረቤት ጠርቼ ሁሉ አሳይቻለሁ።

ከገብሱ ሲሶውን ብቻ ለሙከራ ጀመርኩ፤ ለዚህች ማስተዋሌ እግዜር ይመስገን። ጌሾውን ወቅጬ ከውሃና ከብቅል ጋር ጠነሰስኩት። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ሳነሳ ጥንስሱ ጠቁሯል። የጠላ ጥቁረት አይደለም፤ አሻሮው ሲቆላ የተቃጠለበት ጠላ ቀይ ጥቁር ነው። ይሄ ሰማያዊ ጥቁር ነው። በጣቴ ቀመስኩት፤ ምስማር የላስኩ መሰለኝ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ወጣ። ባለ ጋኗ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ፣ በርሜሉ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸውን ነክረው ለብርሃን አሳዩት።

"ይሄማ የሐዘን ልብስ ማቅለሚያ ነው። እናቶቻችን በጭቃና በቅጠል ስንት ይለፉበት ነበር። አንቺ በበርሜል አወጣሽው።"

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ቀለምም ቢሆን አይደፋም እትዬ" አልኳቸውና የለበስኩትን ነጭ ነጠላ አውልቄ እፊታቸው ውስጡ ነከርኩት። ወጥቶ ሲደርቅ ግማሹ አመድ፣ ግማሹ የበሰለ ጥቁር እንጆሪ መሰለ። ሁለት ዓመት ለበስኩት። አያምርም ነበር።

በማግስቱ የሟቹ ሚስት ፊቷ ጠቋቁሮ መጣች።

"እትዬ፣ ይተዉት። ቅራሪውም ይሁን። ጭራሽ ጠላ የሌለበት አርባ ከሚሆንብኝ።"

"ስንት ቀን ቀረን?"

"ሃያ አንድ።"

"ለጠላው አሥራ ስድስት ይበቃኛል። አምስቱ የኔ ናቸው፤ አንቺ ሂጂና አልቅሺ።"

ክፉ አነጋገር ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው አልቻልኩም። የተበላሸውን ገብስ ከራሴ እህል ተካሁትና ብረት ቆራጩ ጋ ተመለስኩ። ልጣላው ነበር የሄድኩት።

"በምን አጠብሽው?" አለኝ።

"በአመድና በአሸዋ።"

"በአሸዋ?" መዶሻውን አስቀመጠ። "ውስጡ ቅብ ነበረው እኮ። ፈግፍገሽ አነሳሽው፤ አሁን ራቁቱን ብረት ነው። ብረትና ጌሾ አንድ ላይ አያድሩም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ጠላ እጠምቅበታለሁ ብለሽኛል? ለውሃ መስሎኝ ነው። እንደው ሰው ለጠላ ብረት ይገዛል?"

ያበላሸው ብረቱ አልነበረም፣ የኔ ንጽሕና ነው። የጋን እጥበት ለሁሉ ዕቃ የሚሠራ መስሎኝ ሦስት ቀን ሙሉ ጠላውን የሚጠብቀውን ነገር በገዛ እጄ ስፍቅ ነበር።

አዘነልኝ መሰለኝ፣ "እንደ ጋን ጭስ የሚጠጣ ዕቃ ከፈለግሽ እንጨት ነው። አራዳ ወይን የሚያስመጣው ግሪክ ጓሮ የእንጨት በርሜል አይቻለሁ" አለኝ።

ግሪኩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በርሜሉ እውነትም ጓሮው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ ወገቡ ሰፊ ነው፣ ስምንት ጋን ይውጣል።

"ሙሴ፣ ይሄን በርሜል ይስጡኝ።"

"ያፈሳል" አለኝ።

"ይስጡኝ።"

"ያፈሳል አልኩሽ።"

"ሰማሁ። በሱ ፈንታ የማያፈስ የብረት በርሜል አመጣልዎታለሁ፤ እንደ ቢላዋ ያበራል።"

ተለዋወጥን። አራት ኩሊዎች ተሸክመው አመጡልኝ። እንዳያንከባልሉት ለምኛቸው ነበር፣ ጣውላዎቹ እንዳይላቀቁ። መንገዱን ሙሉ ከኋላቸው እየተከተልኩ ቀስ በሉ ስል፣ አንደኛው ዞር ብሎ "እትዬ፣ በዓመት የኩንታል ተራራ ተሸክመን አንድም ቀን ቀስ በሉ ያለን የለም፤ ዛሬ ነው ሙሽራ የተሸከምነው" አለኝ።

ግቢዬ መሃል አቆምነውና ውሃ ሞላሁበት። ውሃው በየጣውላው መሃል እየተንዠቀዠቀ ወጣ። ባለ ጋኗ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣

"ወንፊት ገዛሽ?" አሉኝ።

"ትልቅ ወንፊት ነው እትዬ። ቢፈልጉ አውስዎታለሁ።"

የደረቀ እንጨት ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ አውቅ ነበር፤ ልብስ የምናጥብበት የእንጨት ገበቴ እንዲያ ነው የሚያደርገው። ሁለት ቀን ሙሉ እንስራ በእንስራ ላይ እየጨመርኩ ጠበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥሩ ያለው መሬት ደርቆ አገኘሁት።

በአራተኛው ቀን አጠንኩት። ጋን ለማጠን አንዲት ሴት ትበቃለች፤ የወይራውን ፍም ታዘጋጅና ጋኑን ትደፋበታለች። በርሜል ግን አራት ሰው ይፈልጋል። ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሬ፣ ኩሊዎቹ አንስተው ደፉልኝ። የወይን ሽታው አስጨንቆኝ ነበር። በግራዋ ቅጠል ብቻ፣ በቀስታ ነው ያሸሁት፤ አሸዋ የሚባል ነገር ደጄም አላደረስኩ። ጭሱ ከታች ይበዛል፣ ወደ ላይ ሲደርስ ይሳሳል። ቀኑን ሙሉ ሦስት ጊዜ አስነስቼ ወይራ ጨመርኩ። እንደ ልቤ አልሆነም። ጊዜው ግን አለቀ።

ከዚያ ነው ትምህርቱ የመጣው። ስምንት ጋን ጠላ ማለት የአንድ ጋን ጠላ ስምንት ጊዜ ማለት አይደለም። ጋን ይተነፍሳል፤ ሸክላው ውሃ ያልበዋል፣ ራሱን ያቀዘቅዛል። በርሜል ሙቀቱን አምቆ ይይዛል። በጥንስሱ ላይ የታመሰውን እንኩሮና ቂጣውን ጨምሬ በማግስቱ እጄን ድፍድፉ ውስጥ ሳስገባ ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር የነካሁ መሰለኝ። እንዲያው ብተወው ይኮመጥጥ ነበር። ጆንያ በውሃ እየነከርኩ ዙሪያውን አለበስኩት፣ ሲደርቅ እቀይራለሁ። ጌሾውም በሙቀት ውስጥ ብዙ ይለቃል፤ ስምንት እጅ ያዘጋጀሁትን ስድስት እጅ ላይ አቆምኩ። ማንም አላስተማረኝም፣ በምላሴ ነው። ማማሰያዬ የበርሜሉ ወገብ ላይ እንኳ አልደረሰም። ረጅም ባሕር ዛፍ ልጠው፣ ኩሊዎቹ ከሥራ ሲወጡ በተራ ያማስሉልኝ ነበር።

በርሜል እንደ ጋን አዝምሞ መቅዳት አይቻልም። ግሪኩ ወይን የሚቀዳባት ቀዳዳ ግን ከታች አንድ ስንዝር ከፍ ብላ አለች። በርሜሉ ገና ባዶ ሳለ ከውስጥ በኩል ቃጫ አበጥሬ ደፈንኩባት፣ ከውጪ ውታፍ አደረግኩላት። ቃጫውን ከአገሩ ያስመጣልኝ ከኩሊዎቹ አንዱ ጉራጌ ነው። መጀመሪያ የወረደው ደፈረሰ፤ መልሼ ከላይ ጨመርኩት። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ጠራ። ስቀምሰው ጠላ ነው። የግቢውን በር ዘግቼ ነው የቀመስኩት፤ ባይሆን ኖሮ ፊቴን ማንም እንዲያይ አልፈልግም ነበር።

የሞላ በርሜል የሚያነሳ ስለሌለ ተዝካሩ እኔ ግቢ ሆነ፤ ድንኳኑም በበርሜሉ ዙሪያ ተተከለ። ይሄን አስቤው አልነበረም፣ ትልቁ ነገር ግን እሱ ሆነ። ጋን ጓዳ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ለማን ከየትኛው እንደተቀዳ የምታውቀው ቀጂዋ ብቻ ናት። በርሜሉ መሃል ላይ ቆሞ ግን ሁሉም ጣሳው ከየት እንደሚሞላ ያያል። እኔ ራሴ ላጭበረብር ብፈልግ አልችልም ነበር።

ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀመጡ። ኩሊዎቹ እንደ ልማዳቸው አጥሩ ሥር ሊቆሙ ሲሉ የሟቹ ሚስት ክንዳቸውን እየያዘች አስገባቻቸው። ለእስላሞቹ ጓደኞቹ የማያሰክረውን ቀሪቦ ለብቻው አዘጋጅታለች፤ እነሱም እኩል ተቀመጡ። ባለ ጋኗ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። ተዝካር ላይ ጠብ አይቀጠልም።

"የሽማግሌዎቹ የቱ ነው?" አሉኝ።

"ይኸው ነው።"

"የኩሊዎቹስ?"

"እሱም ይኸው ነው።"

"ቅራሪውስ?"

"ድፍድፉ ገና ውስጡ ነው። ከወደዱ ነገ ውሃ ጨምሬ እቤትዎ እልክልዎታለሁ።"

አጠገባቸው የተቀመጠው ኩሊ ትን አለው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጣሳውን አንስተው ረጅም ጊዜ አፋቸው ውስጥ ያዙት።

"ጭሱ አንሷል።"

"እውነትዎን ነው፣ አንሷል።"

"ጌሾውን ማን ለካልሽ?"

"እኔ።"

ጣሳቸውን ለሁለተኛ ዘረጉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ደህና ሄደ። ያን ጊዜ ነው ጭነት መኪና ሲያራግፉ የቆዩ አሥራ አንድ ኩሊዎች አቧራቸውን እንደለበሱ የገቡት። ውታፉን ሳነሳ ጠላው እንደ ክር ቀጠነ፣ ሦስት ጣሳ ሞልቶ ቆመ። ስምንት ሰው ባዶ እጁን ነው። ውሃ የሞላ እንስራ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ድፍድፉም ከታች አለ። የሟቹ ሚስት እንስራውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዚያ ሰዓት ላይ የሚያደርገውን እጄ ራሱ ያውቀዋል።

አራቱን ተሸካሚዎች ጠርቼ በርሜሉን ከኋላ ብድግ አድርጉት አልኳቸው። ተጠጋግተው አነሱት። ያልጠራው ጉሽ እያጉረመረመ ወረደ፣ ወፈር ያለ ግን ውሃ ያልነካው፤ አምስት ጣሳ ሞላ። ሦስት ሰው ቀረ። ድንኳኑ መሃል ቆምኩና፣

"ሁለተኛ የተቀዳላችሁ፣ አንደኛ ያልደረሰው ሰው አለ" አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ለምን ቅራሪ አታደርጊም አለኝ። አላደርግም አልኩት። ባለ ጋኗ ፊታቸውን ወደኔ ሳያዞሩ፣ ገና ያልነኩትን ጣሳ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ዘረጉት። ከኋላቸው የቆመው ኩሊ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ከዚያ አንድ ቄስ ሰጡ። የመጨረሻውን ያ ቅራሪ አድርጊ ያለኝ ሽማግሌ እያጉተመተመ ሰጠ።

አሥራ አንዱም ጠጡ። ነፍስ ይማር አሉ። ሚስቱ መሃላቸው ቆማ አሜን ስትል ድምፅዋ ከድንኳኑ ውጪ ተሰማ። ለኔ አልደረሰኝም፤ ከዚያ ሁሉ ጠላ የጠጣሁት ለመቅመስ ያልኩትን ብቻ ነው።

ከተዝካሩ በኋላ ካለው ሰኞ ጀምሮ ደጅ ላለውም ውስጥ ላለውም ከአንድ ጋን ቀዳሁ። ቅራሪውንም ስሙን ጠርቼ፣ ለፈለገ በነጻ እሰጣለሁ። ከጸሐፊዎቹ ሁለቱ ከኩሊ ጋር አንድ ጠላ አንጠጣም ብለው ቀሩ። ይቅሩ አልኩ።